ቅጠሉም መድኃኒት ነው፦ የድባቴን እንክብል በተፈጥሯዊ አማራጭ ስለ መተካት

የድባቴ መድኃኒት የታዘዘላቸው ብዙ ሰዎች የመጀመሪያውን እንክብል ከመዋጣቸው በፊት፣ ወይም መውሰድ ጀምረው ጥቂት ሳምንታት እንደቆዩ፣ «ይህን ኬሚካል ከምወስድ ከተፈጥሮ የተገኘ ነገር ብሞክር አይሻልም?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄውን ከአላዋቂነት ወይም ሕክምናን ከመናቅ የመነጨ አድርጎ ማየት ተገቢ አይደለም። መድኃኒቱ ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ ይነሳል ወይም ያበዛል፣ ክብደት ይጨምራል፣ የወሲብ ፍላጎትን ይቀንሳል፣ ሐዘንን ብቻ ሳይሆን ደስታንም ያደነዝዛል የሚሉት አቤቱታዎች በሕክምናው ዓለም የታወቁና የተመዘገቡ የጎንዮሽ ጉዳቶች ናቸው። በዚህ ላይ «አንዴ ከጀመርኩት መውጫ የለኝም» የሚል ስጋትና የሰው አፍ መፍራት ሲታከልበት፣ ከዕፅ የተቀመመ አማራጭ ለምን እንደሚያጓጓ መረዳት አያዳግትም። ችግሩ የሚከፋው ሐኪሙ ጥያቄውን በአንድ ቃል ሲያጣጥለው ነው። ያን ጊዜ ታካሚው ሐሳቡን አይተውም፤ ለሐኪሙ መንገሩን ግን ይተዋል።

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ተፈጥሮን በአንድ ወገን፣ ኬሚካልን በሌላ ወገን አቁሞ የሚካሄድ ነው። ይህ አሰላለፍ ግን ገና ከመነሻው ስሕተት አለበት። ስሜት ከልክ ባለፈ ፍንደቃና በድባቴ መካከል ለሚዋዥቅበት ለባይፖላር ሕመም እስከ ዛሬ ከሚታመንባቸው መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሊቲየም በዐለትና በምንጭ ውኃ ውስጥ የሚገኝ ማዕድን ነው። አውስትራሊያዊው የአእምሮ ሐኪም ጆን ኬድ ለሕክምና መጥቀሙን እ.ኤ.አ. በ1949 ካሳወቀ ወዲህ የብዙዎችን ሕይወት ታድጓል። ይሁን እንጂ በሚፈውሰው መጠንና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት እጅግ ጠባብ በመሆኑ፣ የሚወስዱት ሰዎች ደማቸውን በየጊዜው ማስመርመር ግድ ይላቸዋል። ከተፈጥሮ መገኘቱ ከዚህ ጥንቃቄ አላዳነውም። ስለዚህ አንድ ሰው ስለሚያስበው አማራጭ ሊጠይቅ የሚገባው ከየት መጣ የሚለውን ሳይሆን፣ በእርግጥ ይሠራል ወይ፣ ለየትኛው ደረጃ ድባቴ፣ በምን ያህል መጠን፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲገናኝስ ምን ያደርጋል የሚለውን ነው።

በቅድሚያ መደበኛው መድኃኒት ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ በሐቅ መናገር ያስፈልጋል፤ አማራጩ የሚመዘነው ከእሱ ጋር ነውና። ዘመናዊው የድባቴ መድኃኒት ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ሮላንድ ኩን ኢሚፕራሚን የተባለውን መድኃኒት ጠቀሜታ ሲያስተውል ሲሆን፣ በስፋት የታወቀው ፍሉኦክሴቲን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። ከዚያ ወዲህ ለሕዝብ ሲነገር የኖረው ማብራሪያ ድባቴ በአንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለው መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል እጥረት ሲፈጠር የሚመጣ ነው የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ግን ይህን ማብራሪያ የሚደግፍ ወጥ ማስረጃ አላገኘም። ይህ ዜና ሲሰማ ብዙዎች «እንግዲያው መድኃኒቱም ውሸት ነው» ወደሚል ድምዳሜ ሮጡ፤ ነገር ግን አንድ መድኃኒት የሚሠራበትን መንገድ በትክክል አለማወቅና መድኃኒቱ አለመሥራቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ ትንታኔ 21 የድባቴ መድኃኒቶችን፣ 522 ሙከራዎችንና 116,477 ተሳታፊዎችን መርምሮ፣ ሁሉም መድኃኒቶች ከፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒትነት ከሌለው የማነጻጸሪያ እንክብል፣ የተሻለ ውጤት እንዳስገኙ አሳይቷል።

የዚያው ትንታኔ ሌላው ገጽታ እምብዛም አይነገርም፤ በአማካይ ሲታይ በመድኃኒቱና በፕላሴቦው መካከል ያለው ልዩነት መጠነኛ ነው። በርካታ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ሕመሙ በጠናባቸው ሰዎች ላይ ሲሆን፣ ቀላል ድባቴ ባለባቸው ሰዎች ላይ ግን ከፕላሴቦው ለይቶ ማየት እስኪያስቸግር ድረስ ይጠብባል። የብሪታንያው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ቀለል ላለ ድባቴ እንክብል እንደ መጀመሪያ ሕክምና በዘልማድ እንዳይሰጥ የመከረው፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ተመሳሳይ አቋም የያዘው ስለዚህ ነው። ቀላል ድባቴ ያለበት ሰው «ያለ መድኃኒት መሞከር እፈልጋለሁ» ቢል ከሕክምና ሳይንስ ጋር አልተጣላም፤ ሳይንሱ ራሱ የሚለውን ነው የተናገረው። ከባድ ድባቴ ያለበት ሰው ተመሳሳዩን ሲል ግን ነገሩ ይለያል።

የድባቴን ክብደት የሚለየው በዋናነት የሕይወት እንቅስቃሴ ምን ያህል ተሰናክሏል የሚለው ነው። ቢያንስ ለሁለት ሳምንታት፣ በአብዛኛው የቀኑ ክፍል፣ የቆየ የከፋ ስሜት ወይም ቀድሞ ያስደስት የነበረውን ነገር ሁሉ መጥላት ዋናው ምልክት ነው። የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ድካም፣ ራስን መውቀስ፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻልና ስለ ሞት ማሰብ ይከተሉታል። እየከበደውም ቢሆን ሥራውን የሚሠራና ከሰው ጋር የሚገናኝ ሰው ከቀላሉ ወገን ሊመደብ ይችላል፤ ከአልጋ መነሳት፣ ገላን መታጠብና መብላት ያቃተው ሰው ግን በከባዱ ውስጥ ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ድባቴ የሚመስለው ነገር መነሻው የእንቅርት ዕጢ መድከም፣ የደም ማነስ ወይም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሊሆን ስለሚችል፣ ማንኛውንም ዓይነት ሕክምና ከመጀመር በፊት ቀላል የደም ምርመራ ማድረግ ይጠቅማል።

ከዕፅዋት ወገን ከሁሉ በላይ የተጠናው ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለው ባለ ቢጫ አበባ ተክል ነው። በጀርመን ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት በማዘዣ ሲሰጡት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው፣ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ 29 ሙከራዎችንና 5,489 ታካሚዎችን አካቶ፣ የዚህ ተክል ጭማቂ ከፕላሴቦ የተሻለ፣ ከመደበኛዎቹ የድባቴ መድኃኒቶች ጋር ተቀራራቢ የሆነ ውጤት እንዳለው፣ በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት የሚያቋርጡት ሰዎችም አነስተኛ መሆናቸውን ገልጿል። ግምገማው ጀርመንኛ በሚነገርባቸው አገሮች የተካሄዱት ጥናቶች ከሌሎች ይልቅ ለተክሉ ያደሉ ውጤቶች ማሳየታቸውንም አልደበቀም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ 340 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ ተክሉ ከፕላሴቦ እንደማይበልጥ አሳየ። ተክሉን ለማጣጣል ይህን ሙከራ የሚጠቅሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘልሉት ነገር አለ፤ በዚያው ሙከራ ለማነጻጸሪያ የቀረበው የታወቀው መድኃኒት ሰርትራሊንም በዋነኞቹ መለኪያዎች ከፕላሴቦ አልበለጠም። ማስረጃውን በአንድነት ለመዘነ ሰው ሴንት ጆንስ ዎርት ለቀላልና ለመካከለኛ ድባቴ የሚሠራ ነገር ይመስላል፤ የእኔም ፍርድ ይኸው ነው።

ይሠራል ማለት ግን በሰውነት ውስጥ አንድ ነገር ያንቀሳቅሳል ማለት ነው፤ የሚያንቀሳቅሰውም ስሜትን ብቻ አይደለም። ተክሉ ውስጥ ያለው ሃይፐርፎሪን የተባለ ንጥረ ነገር ጉበት ብዙ መድኃኒቶችን የሚያፈርስባቸውን ኢንዛይሞች ያበዛል፤ አንጀት ውስጥም የተዋጠውን መድኃኒት መልሶ የሚያስወጣውን ፕሮቲን ያበረታል። በውጤቱም ሰውየው ሌላውን መድኃኒቱን በሰዓቱና በትክክለኛው መጠን እየወሰደ፣ ደሙ ውስጥ የሚደርሰው ግን ከሚገባው በታች ይሆናል። በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ላንሴት ላይ ጎን ለጎን የወጡ ሁለት ዘገባዎች ይህን በግልጽ አሳዩ። በአንደኛው ጤነኛ ፈቃደኞች ኢንዲናቪር የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት ከተክሉ ጋር ሲወስዱ በደማቸው ውስጥ የተገኘው የመድኃኒት መጠን በአማካይ በ57 በመቶ ወረደ። በሁለተኛው ደግሞ በዙሪክ ልብ የተተከለላቸው ሁለት ሕሙማን ተክሉን መውሰድ ከጀመሩ በኋላ፣ ሰውነታቸው የተተከለውን ልብ እንዳይቃወም የሚከላከለው ሳይክሎስፖሪን በደማቸው ውስጥ ቀንሶ ልባቸው አደጋ ላይ ወደቀ። ተክሉ ሲቋረጥ የመድኃኒቱ መጠን ወደ ቦታው ተመለሰ። ሁለቱም ሰዎች መድኃኒታቸውን አንድ ቀን እንኳ አልዘለሉ ይሆናል፤ የጨመሩት በብዙ ቦታ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ የዕፅ እንክብል ብቻ ነበር።

ዝርዝሩ በእነዚህ አያበቃም። የሚዋጥ የወሊድ መከላከያ፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ዋርፋሪን፣ ለልብ የሚሰጠው ዲጎክሲንና አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶች በዚሁ መንገድ ኃይላቸው ሊቀንስ ይችላል። ለድባቴዋ ተክሉን የጀመረች ሴት ሳታስበው ልታረግዝ የምትችለው የወሊድ መከላከያዋን ረስታ ሳይሆን ጉበቷ ከልማዱ በፍጥነት ስላፈረሰው ነው። ተክሉ ከቆመም በኋላ ይህ ተጽዕኖ እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል።

ሌላው አደጋ ተክሉን በድባቴ መድኃኒት ላይ መደረብ ነው። ሁለቱም ሴሮቶኒንን ስለሚያበዙ፣ ሲደራረቡ ሴሮቶኒን ሲንድረም የተባለውን ችግር ሊያስከትሉ ይችላሉ። ችግሩ በላብ፣ በመንቀጥቀጥ፣ በመቁነጥነጥ፣ በተቅማጥና በልብ ምት መፍጠን ይጀምርና ሲብስ ወደ ከፍተኛ ትኩሳትና መቃዠት ይደርሳል፤ እንዲህ ያለ ነገር የታየበት ሰው በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ሕክምና መሄድ አለበት። ባይፖላር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ እንደ ማንኛውም የድባቴ መድኃኒት ተክሉም ወደ ማኒያ፣ ማለትም ከልክ ወዳለፈ የስሜት ፍንደቃ፣ ሊገፋው ይችላል። «ሐኪሙ ያዘዘልኝ አልበቃኝም፣ ይህን ልጨምርበት» የሚል ሰው መቼም ጉዳት ፈልጎ አይደለም፤ የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው። አደጋው ያለው ለመዳን በሚደረገው ጥረት ውስጥ ነው።

የጥራት ጉዳይም አለ። በጥናቶቹ ውስጥ የተሞከረው የተክሉ ጭማቂ ይዘቱ ተለክቶና ተስተካክሎ የቀረበ ሲሆን፣ በየመደብሩ የሚሸጠው ግን ከአምራች አምራች ይለያያል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ሕግ ተጨማሪ ንጥረ ነገር አምራቾች ለገበያ ከማቅረባቸው በፊት ምርታቸው እንደሚሠራ እንዲያረጋግጡ አያስገድድም። እ.ኤ.አ. በ1989 ለእንቅልፍና ለድባቴ ይወሰድ የነበረው ኤል ትሪፕቶፋን፣ ከአንድ አምራች በወጣ የተበከለ ምርት ሳቢያ ከ1,500 በላይ ሰዎችን ለከባድ የጡንቻ ሕመም ዳርጎ ከ30 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ትሪፕቶፋን ሰው በየዕለቱ ከምግብ የሚያገኘው ንጥረ ነገር ነው። ለጭንቀት የሚወሰደው ካቫ የተባለው ተክልም በጉበት ላይ ባስከተለው ጉዳት የተነሳ በተለያዩ አገሮች እገዳ ተጥሎበት ያውቃል።

ስለ ቀሩት ብዙ የሚባል የለም። የዓሣ ዘይት፣ በተለይም ኢፒኤ የተባለው የኦሜጋ 3 ዓይነት ያመዘነበት፣ አነስተኛ ጥቅም እንዳለው የሚጠቁሙ ጥናቶች ቢኖሩም ማስረጃቸው ጠንካራ አይደለም። ሳፍሮን የተባለው ቅመም በአነስተኛ ሙከራዎች ተስፋ አሳይቷል፤ ሙከራዎቹ ግን አጭርና ብዙዎቹ በአንድ አገር፣ በኢራን፣ የተካሄዱ ናቸው። ቫይታሚን ዲ ድባቴን ይከላከል እንደሆነ ለማወቅ ከ18,000 በላይ ሰዎችን አምስት ዓመት ያህል የተከታተለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 ሲታተም ምንም ልዩነት አላገኘም። እጥረት ያለበት ሰው ቫይታሚኑን መውሰዱ ለአጥንቱ ይጠቅመዋል፤ የድባቴ ሕክምና ብሎ መቁጠሩ ግን ውድ ጊዜውን ያባክንበታል።

ከሁሉ የሚያስቆጨው ጠንካራ ማስረጃ ያላቸው መድኃኒት አልባ አማራጮች በጠርሙስ የማይሸጡ በመሆናቸው እምብዛም አለመነገራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ድባቴ ያለባቸውን 156 ጎልማሶችና አረጋውያን በሦስት ከፍሎ፣ አንዱን ክፍል በሳምንት ሦስት ጊዜ የአካል እንቅስቃሴ፣ ሌላውን ሰርትራሊን፣ ሦስተኛውን ሁለቱንም ሰጣቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መድኃኒቱ ፈጥኖ ውጤት አሳየ፤ ከ16 ሳምንታት በኋላ ግን ሦስቱም ተቀራራቢ ደረጃ ላይ ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ2024 የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ትንታኔም 218 ጥናቶችንና ከ14,000 በላይ ተሳታፊዎችን መርምሮ መራመድ ወይም ሶምሶማ፣ ዮጋና የጡንቻ ማጠናከሪያ እንቅስቃሴ የድባቴ ምልክቶችን እንደሚቀንሱ አመልክቷል። እንቅስቃሴ እየሠራ መሆኑን ከተሳታፊው መደበቅ ስለማይቻል ጥናቶቹ የራሳቸው ድክመት አለባቸው፤ ሆኖም ውጤቱ ከጥናት ጥናት መደጋገሙ ችላ የሚባል አይደለም።

እዚህ ላይ ቤተሰብና ወዳጅ ሊጠነቀቅ የሚገባው ነገር አለ። ድባቴ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነጥቀው የመነሳትን አቅም ነው። «ተነሥና ትንሽ ተንቀሳቀስ፣ ይለቅሃል» የሚለው ምክር ለተናጋሪው ደግነት ቢሆንም፣ ለሰሚው ግን ያልቻለውን ነገር እንደ ጥፋት የሚቆጥርበት ወቀሳ ይሆናል። ውጤት የሚያመጣው አካሄድ ሌላ ነው። ለዛሬ አሥር ደቂቃ፣ ከቤት እስከ ቅርቡ መታጠፊያና መልስ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ቢቻል ከሌላ ሰው ጋር፤ ስሜቱ እስኪመጣ ሳይጠብቁ፣ ካቃተም ሳይወቃቀሱ በማግሥቱ ደግሞ መሞከር። ይህ አካሄድ በሥነ ልቦና ሕክምና ውስጥ ራሱን የቻለ ዘዴ ሲሆን፣ መሠረቱም ድርጊት ስሜትን ሊቀድምና ሊጎትት ይችላል የሚለው ነው።

የንግግር ሕክምናም ለአብዛኛው ቀላልና መካከለኛ ድባቴ ከመድኃኒት ጋር የሚተካከል ውጤት ያለው፣ ሕክምናው ካበቃ በኋላም ሕመሙ እንዳይመለስ በመከላከል ከተቋረጠ መድኃኒት ይልቅ የሚያግዝ ነው። አሥር ሺህ ለክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ብርሃን በሚሰጥ መብራት ፊት ማለዳ ለግማሽ ሰዓት መቀመጥ በተለይ በጨለማ ወራት ለሚመላለስ ድባቴ ይጠቅማል። አመጋገብን ማስተካከልም፣ ጥናቶቹ ገና ጥቂት ቢሆኑም፣ እየታየ ያለ መስክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በአውስትራሊያ በ67 ሰዎች ላይ የተደረገ የ12 ሳምንት ሙከራ አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ዓሣና የወይራ ዘይት ያመዘነበት አመጋገብ ከያዙት ሲሶ ያህሉ ከድባቴ ሲወጡ፣ ከማነጻጸሪያው ክፍል የወጡት 8 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል።

እነዚህ ሁሉ ግን የማይበቁበት ሁኔታ አለ፤ በዚህ ረገድ ቃልን ማለዘብ ጉዳት አለው። ራሱን ስለማጥፋት የሚያስብ፣ መብላትና መጠጣት ያቆመ፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማ ወይም ከእውነታ የራቀ እምነት የያዘ፣ ከወሊድ በኋላ በከባድ ድባቴ የተያዘች እናት፣ ቀድሞ ባይፖላር ሕመም የታየበት ሰው፣ በተፈጥሯዊ አማራጭ ሙከራ የሚያጠፉት ጊዜ የላቸውም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲኖር ለቅርብ ሰው መናገርና በዚያው ቀን የሕክምና እርዳታ ማግኘት ያስፈልጋል፤ አጠገቡ ያለ ሰውም ብቻውን ሊተወው አይገባም።

መድኃኒቱን አስቀድሞ የጀመረ ሰው ደግሞ የሚገጥመው ጥያቄ ከሌላው ይለያል። ብዙዎች የሚያቆሙት ሲሻላቸው ነው፤ የተሻላቸውም መድኃኒቱ ስለሠራ ሊሆን ይችላል። የተለመደው ምክር ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላ ቢያንስ ለስድስት ወራት መቀጠል ነው። በድንገት ሲቆም ማዞር፣ ራስ ውስጥ ኤሌክትሪክ የነዘረ ያህል የሚሰማ ብልጭታ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የበረታ ቅዠት፣ ብስጭትና ያለ ምክንያት ማልቀስ ሊመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ትንታኔ እንዲህ ያሉ ምልክቶች ካቆሙት ሰዎች መካከል በ31 በመቶው፣ ፕላሴቦ ካቆሙት ደግሞ በ17 በመቶው ላይ እንደታዩ አስልቷል። በመሆኑም ችግሩ በእርግጥ አለ፤ ሁሉንም ሰው ግን አያገኝም። የከፋው ነገር እነዚህ ምልክቶች ሕመሙ የተመለሰ ማስመሰላቸው ነው፤ ሰውየው «ያለ መድኃኒት መኖር አልችልም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፣ ወይም ያቆመውን እንክብል ለሐኪሙ ሳይነግር በሴንት ጆንስ ዎርት ተክቶ የቀደመው መድኃኒት ከሰውነቱ ሳይወጣ አዲሱን ይደርብበታል። ከድባቴ መድኃኒቶቹ መካከል ፓሮክሴቲንና ቬንላፋክሲን ሲቆሙ የሚያስቸግሩ ሲሆኑ፣ ፍሉኦክሴቲን በሰውነት ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆይ ለማቆም ይቀላል፤ ለመደረብ አደጋ የሚያጋልጠው ግን በዚሁ ጠባዩ ነው።

ስለዚህ ወደ ተፈጥሯዊ አማራጭ መሻገር የሚፈልግ ሰው ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ «ማቆም እፈልጋለሁ» ከማለት ይልቅ ዕቅዱን ይዞ ቢሄድ ውይይቱ ይለወጣል። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ፣ የወሊድ መከላከያንና የዕፅ ውጤቶችን ጨምሮ፣ በወረቀት ጽፎ ማቅረብ፤ የሕመሙ ደረጃ ያለ መድኃኒት ለመሞከር ይፈቅድ እንደሆነ መጠየቅ፤ መጠኑ በየስንት ሳምንቱ በምን ያህል እንደሚቀነስ፣ በተለይ መጨረሻ ላይ ቅነሳው ይበልጥ አነስተኛ እንዲሆን መስማማት፤ በአንድ መድኃኒት መቆምና በሌላው መጀመር መካከል የሚኖረውን ክፍተት ማወቅ። ሐኪሙ ለመስማት ፈቃደኛ ካልሆነ ሌላ ሐኪም መጠየቅ መብት ነው፤ በድብቅ ከማቆም ይህ በእጅጉ ይሻላል። እንቅስቃሴም ሆነ የንግግር ሕክምና ወይም የዕፅ ውጤት የተመረጠ እንደሆነ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ውጤቱ የሚታይበት ቀጠሮ ከወዲሁ መያዝ አለበት። ለውጡን አብሮ የሚኖር ሰው ከታማሚው ቀድሞ ስለሚያስተውለው፣ በቀጠሮው ዕለት እሱም ቢገኝ ሐኪሙ የተሟላ ሥዕል ያገኛል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ እንቅልፍ እየጠፋ፣ ምግብ እየተጠላና የሞት ሐሳብ እየተደጋገመ ከመጣ ግን ቀጠሮው እስኪደርስ አይጠበቅም።